ነገ የማይለው ልብስ ሰፊ

ዳምጠው ይርዳው ሐምሌ 12 ቀን 2070 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከማረሚያ ቤት ሲወጣ፣ በላዩ ላይ የነበረው አዲስ ነገር ከግራ ጆሮው ኋላ የተለጠፈችው የምስር ፍሬ የምታህል ዕቃ ብቻ ነበረች። ኮቱ ሲታሰር የለበሰው ነው። ጫማውም እንዲሁ። በእጁ የስፌት ሙያ ምስክር ወረቀት ይዟል። ይሁን እንጂ በደብረ ብርሃን ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የለየችው ምስሯ ናት፣ ወረቀቱ አይደለም።

ዕቃዋ አድማጭ ትባላለች። የምታዳምጠውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግምት። በውርርድ ሱስ ተይዞ ወንጀል የሠራ ሰው ከተፈታ በኋላ ለሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ገና ስላልሆነ ነገር እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይፈቀድለትም። «ከሰዓት ይዘንባል» ቢል፣ አድማጭ በአጠገቡ ላለ ሰው ሁሉ በሚሰማ ለስላሳ የሴት ድምፅ «ይህ ግምት ነው፤ ቃልዎን ለማንሳት አሥር ሰከንድ አለዎት» ትላለች። «አንስቻለሁ» ካለ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዝም ካለ ግምቱ ውርርድ ሆኖ ይመዘገባል፤ ቀኑም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቀጠሮ መስጠት ግምት ነው። ቃል መግባት ግምት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «እግዚአብሔር ቢል» ብሎ መጨመር ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ ተፈቺዎች በዚህ ሽፋን የኳስ ውጤት መናገር ስለጀመሩ ደንቡ ተሻሻለ። በማሻሻያው መሠረት የእግዚአብሔርን ፈቃድ መገመትም ግምት ነው።

ሌላው ሰው ግን እንደልቡ ይገምታል። በዚያ ዓመት በደብረ ብርሃን ውርርድ የማይያዝበት ነገር ማግኘት ይከብድ ነበር። መብራት በስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ሰባኪው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ቀድሞ የሚያለቅሰው አባት ይሁን እናት፣ ሁሉም በየታክሲ ማቆሚያው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። በተፈቱ ሰዎች ላይም ውርርድ አለ፤ ማገርሻ ይባላል። ሰሌዳው የሰውየውን ስም፣ የቆየበትን ቀንና የማገርሸት ዕድሉን በመቶኛ ያሳያል። «ይወድቃል» ወይም «አይወድቅም» ብሎ ማስያዝ ይቻላል። የሚወድቅበትን ቀን ለይቶ ለሚመታ ግን ሽልማቱ ሌላ ነው።

ዳምጠው ከማረሚያ ቤቱ በር ሲወጣ ሰማንያ አንድ በመቶ ነበር። ታክሲ ማቆሚያው ጋ ሲደርስ ሰማንያ አራት ሆነ። ኮቱን አይተው ይሆናል።

የድልድይ ማዶ ሰፈር ሰዎች ዳምጠውን የሚያውቁት ድንኳን የሸጠው ሰውዬ በሚል ነው። የሰፈሩ እድር ዕቃ ያዥ ነበር። በ2064 ክረምት ላይ የእድሩን ትልቅ ድንኳን፣ ከነካስማውና ከነገመዱ፣ ለአንድ ነጋዴ ሸጠ። ብሩን ውርርድ ላይ አስይዞ፣ እሁድ ሲያሸንፍ ድንኳኑን መልሶ ሊገዛ ነበር። እስከ እሁድ ድረስ ድንኳኑን የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎም ገምቷል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ማንም አይሞትም።

ሐምሌ 10 ቀን አቶ ሰይፈ ዓለሙ ሞቱ።

አቶ ሰይፈ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሆኖም ሕጉ አንድ ሰው መሪው ፊት እንዲቀመጥ ያዝዝ ስለነበር፣ አቶ ሰይፈ ዕድሜያቸውን በሙሉ መሪ ባለመንካት ደመወዝ ተቀብለዋል። ሲሞቱ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። ለቀስተኛው በየጃንጥላው ሥር ቆሞ፣ ባለቤታቸውን መምህርት ተዋበችን እጅ ነስቶ፣ እየሮጠ ወደየቤቱ ገባ።

መምህርት ተዋበች በዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ያስተማሩ ሴት ናቸው። በፍርድ ቤት ዳኛው «በዚህ ድርጊት ምን ጉዳት ደረሰብዎት?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ድንኳን» ብለው ተቀመጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዳምጠው ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከእድሩም ተባረረ።

ከእድር የተባረረ ሰው በደብረ ብርሃን መኖር ይችላል። የሚከብደው መሞቱ ነው። የሌላው ሰው ሞትም ቀላል አይሆንለትም፤ የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አስከሬን ለመሸከም ትከሻውን የሚፈልግ የለም። የድልድይ ማዶ እድር ደንብ እንደሚለው፣ የተባረረ ሰው የሚመለሰው የተበደለው ሰው በጉባኤ ፊት ተነሥቶ «ይግባ» ሲል ነው። በቅርቡ ደግሞ በጸሐፊው ሐሳብ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ተፈቺ ከሆነ አድማጭን ያወለቀበትን ምስክር ወረቀት ያቅርብ። ዳምጠው የሚፈልገው ይህንን ነበር። ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቃል።

ከድልድዩ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ስፌት ጀመረ። ፊት ለፊቱ የትርንጎ ሻይ ቤት አለ። ትርንጎ «ይወድቃል» ብላ አስይዛለች፤ ይህንንም አልደበቀችውም።

«ዳምጤ! ና ግባ እንጂ፣ ሻይ ልቅዳልህ?»

«ቅጂልኝ።»

«ዛሬ ኳሱን ማን የሚያሸንፍ ይመስልሃል?»

«ባለፈው ማን አሸነፈ?»

«አንተን አይደለም እንዴ የጠየቅኩህ!»

«እኔም አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ትርንጎ ተስፋ አልቆረጠችም። «እሺ፣ ስኳሩ ይበቃሃል?»

«ገና አልቀመስኩትም።»

«እህቴ ወሯ ገብቷል። ወንድ ነው ሴት?»

«ሆዷ ትልቅ ነው።»

«አንተ ደረቅ! አንድ ቃል ብትል ምን አለበት? ለመሆኑ ነገ ትመጣለህ?»

ዳምጠው ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝናብ አለ የለም ብሎ ሰማዩን ሊያይ ቀና አለና፣ ሰማይ ማየት ራሱ ወደ ግምት ይወስዳል ብሎ ፈርቶ መልሶ አቀረቀረ። «ዛሬ መጥቻለሁ» አለ።

«አይወድቅም» ያሉት ደግሞ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ነበሩ። ጡረተኛ ስለሆኑ ጊዜ አላቸው። ጠዋት መጥተው የዳምጠው ሱቅ በር ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሰው ስለ መጪ ነገር ሲጠይቀው በኃይል ይስላሉ። ሳሉ ካልበቃ ራሳቸው ይመልሳሉ። አንዴ አንድ ቄስ «ልጄ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ጋሽ ወንድይፍራው ከወንበራቸው ተነሥተው «አባ፣ እባክዎ ልጁን አይፈትኑብኝ!» ብለው ጮኹ።

«መሳለም እኮ ነው ያልኩት።»

«ቢሆንም! ሲመጣ ያዩታል። ኧረ ይተውት!»

ዳምጠው በሕይወቱ እንደዚያ ዓመት ተጨንቆለት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጤናውን የሚጠይቀው በዛ። ሾርባ የሚያመጣለት፣ ቤቱ ድረስ የሚሸኘው፣ እንቅልፍ ወሰደህ ወይ የሚለው በዛ። ማን በየትኛው በኩል እንዳስያዘ ለማወቅም ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። «አይወድቅም» ያሉት ሾርባ ያመጣሉ፤ «ይወድቃል» ያሉት ጥያቄ ያመጣሉ። ሁለቱም ወገን ማታ ሰሌዳውን ሳያይ አይተኛም።

ያልታሰበው ነገር የስፌት ሥራው መድመቁ ነው። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ይመጣና እንደልማዱ ይጠይቃል።

«መቼ ይደርሳል?»

«አልጀመርኩትም» ይላል ዳምጠው።

በሁለተኛው ቀን ይመጣል። «ደረሰ?»

«እጅጌው ቀርቷል። ያውና፣ ተሰቅሏል፤ እየው።»

ደንበኛው መጀመሪያ ይናደዳል። ቤቱ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። «ነገ ና» ተብሎ አልተመለሰም። «ማክሰኞ ያለ ጥርጥር» ተብሎ ማክሰኞ ሱቁ ተዘግቶ አላገኘውም። በከተማው ታሪክ ስለ ቀን ያልዋሸ ልብስ ሰፊ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሰው ከሌላ ሰፈር፣ ከጎንደር በርም፣ ከጠባሴም ጨርቁን ይዞ መጣ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ዳምጠው በሕግ የተከለከለውን እነሱ በፈቃዳቸው ሊተዉ ሞከሩ። ሦስት ቀን ቆይተው ወደ ልማዳቸው ተመለሱ።

መምህርት ተዋበች በሱቁ ፊት በቀን ሁለት ጊዜ ያልፋሉ። በታኅሣሥ ፀሐይም ጃንጥላ ይይዛሉ። ሰላምታ አይሰጡም፤ ፊታቸውንም አያዞሩም። በግንቦት ግን አንድ ቅዳሜ ቀን ገቡና ከባድ ሰማያዊ ኮት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የአውቶቡስ ሹፌሮች የደንብ ልብስ ነው።

«ገበሩ ተቀዷል» አሉ።

ዳምጠው ኮቱን ገልብጦ ገበሩን አየ። «ይሰፋል» ሊል ነበር፤ ዋጠው። «አየሁት» አለ።

መቼ እንደሚደርስ አልጠየቁም። በየቅዳሜው እየመጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን አይተው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቆመው ሲያዩት ቆዩና እንዲህ አሉ፤

«በዚያ ሳምንት ማንም አይሞትም ያልከው በምን ሒሳብ ነው?»

በሩ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ወንድይፍራው ለመሳል ደረታቸውን ነፉ። ጥያቄው ስላለፈ ነገር መሆኑ ሲገባቸው ሳሉን መለሱት።

ዳምጠው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። «በሰፈሩ በዓመት አሥር አሥራ አንድ ሰው ይሞት ነበር፣ መምህር። ዓመት ሃምሳ ሁለት ሳምንት ነው። ከአምስት ሳምንት አንዱ መሰለኝ። አራቱ የኔ ናቸው አልኩ።»

መምህርት ተዋበች መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሌቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ክረምቱን ረሳህ እንጂ። ከዓመቱ ሟች የሚበዛው በክረምት ነው። ቁጥሩን በእኩል ማካፈል አልነበረብህም።»

«አዎ፣ መምህር።»

«ተማሪዎቼም ይረሱት ነበር።»

ኮቱን አጥፈው ይዘው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። ውጭ ፀሐይ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ዳምጠው በሰሌዳው ላይ ሦስት በመቶ ላይ ደረሰ። ማንም ከዚህ በኋላ ይወድቃል ብሎ አላሰበም። ትርንጎ እንኳ ተሸንፋ ወደ ሌላው ወገን ዞረች፤ በዚያው ቀንም ጥያቄዋን አቁማ ሾርባ ማምጣት ጀመረች። ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ሰው ብዙ አስያዘ። እድርተኛው በሙሉ፣ ጸሐፊውም ጭምር፣ «አይወድቅም» አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ለሦስት መቶ ስልሳ አምስተኛው ቀን ማታ አንድ በግ አስበው ነበር።

ሐምሌ 10 ቀን 2071 ሦስት መቶ ስልሳ አራተኛው ቀን ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካፊያ ነበር። ዳምጠው የትርንጎን የወንድም ልጅ ሱሪ እያሳጠረ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ዝናቡን ሸሽተው ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ሻያቸውን ይጠጣሉ። መምህርት ተዋበች ሰማያዊውን ኮት ለብሰው ገቡ። ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

«በለቅሶው ላይ ሰው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ዝናብ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።» ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ድንኳን ሲኖር ሰው ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሲቀመጥ ያወራል። ሌላ የሚሠራው የለምና ስለ ሟቹ ያወራል። እኔ ሰው ስለ ሰይፈ ምን እንደሚል አልሰማሁም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ብርጭቋቸውን ይዘው ቀሩ።

«እኔም እሞታለሁ» አሉ መምህርት ተዋበች፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። በዚያን ቀን ድንኳን ትተክልልኛለህ? ሰው ልከህ አይደለም፤ አንተ ራስህ።»

«መምህር!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «መምህርዬ፣ በሞቴ፣ ነገ ማታ ይጠይቁት። ነገ ማታ እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ!»

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው።»

ዳምጠው ሱሪውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ከአንድ ቀን በኋላ ቢጠይቁኝስ?» አለ። ድምፁ እንደመለማመጥ ነበር።

«ከአንድ ቀን በኋላ ቃል መግባት ለማንም ቀላል ነው። ምንም አያስከፍልህም። ያኔ አልፈልገውም።»

ዳምጠው በመስኮቱ በኩል ወደ ታክሲ ማቆሚያው አየ። ሰሌዳው ከዚህ ይታያል። ስሙ፣ ሦስት መቶ ስልሳ አራት፣ ዜሮ ነጥብ አምስት በመቶ። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «ደህና እደር፤ ነገ እንገናኝ» ብሎ አልተሰናበተውም፤ እሱም ማንንም አልተሰናበተም። ከዚያ ኮቱን አየ። በግራ ብብቱ ሥር ያለው ስፌት የእሱ ነው።

«እተክላለሁ» አለ። «ራሴ እተክላለሁ። በርስዎ ለቅሶ ላይ ሰው አይበሰብስም።»

«ይህ ግምት ነው» አለች አድማጭ በለስላሳ ድምፅዋ። «ቃልዎን ለማንሳት አሥር ሰከንድ አለዎት።»

«አንሳ!» ጋሽ ወንድይፍራው ዘለው ተነሡ፤ ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «ዳምጠው፣ አንስቻለሁ በል! ልጄ፣ በል እንጂ! አንስቷል! ሰማሽ አንቺ፣ አንስቷል!»

አድማጭ የጋሽ ወንድይፍራውን ድምፅ አታውቅም። ዳምጠው መርፌውን ፈለገ፤ አገኘው፤ ክሩን በምራቁ አርሶ በቀዳዳው አስገባ። መምህርት ተዋበች ጣራውን ያያሉ። ከፊት ለፊት ትርንጎ ማንቆርቆሪያ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ውርርድ ተመዝግቧል» አለች አድማጭ። «ያስያዙት ምንድን ነው?»

ይህንን እንደምትጠይቅ ማንም ነግሮት አያውቅም። «ራሴን» አለ።

«አልተረዳሁም፤ እባክዎ ይድገሙ።»

«ራሴን አስይዣለሁ።»

«ተመዝግቧል። ቀን አንድ።»

ሰሌዳው ተለወጠ። ከሻይ ቤቱ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ፤ ከዚያ ጩኸት፤ ከዚያ ስድብ። ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ። ቀኑን የመታ ሰው አለ። አንድ ሰው ብቻ፣ ሐምሌ 10 ብሎ ያስያዘ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያስያዘው ለእሱ ገብቷል። ማን ነው?

መምህርት ተዋበች ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ጋሽ ወንድይፍራው» አሉ፣ «ያ ሸራ የሚሸጠው ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍት የሚሆነው?»

ቀኑን የመታው ማን እንደሆነ የገባው ለዳምጠው ነበር። ሱሪውን ከጭኑ ላይ አንሥቶ፣ «ያውቁ ነበር?» አለ።

«አላውቅም ነበር» አሉ። «ገምቼ ነው።»

«ቢሳሳቱ ኖሮስ?»

«አንተ ነገ ነጻ ትወጣ ነበር፤ እኔ ድንኳን አላገኝም ነበር። አሁን ድንኳን ተገኘ፤ አንተ አንድ ዓመት ከሰርክ። ከሁለት አንዱ መቅረቱ የማይቀር ነበር።» በሩ ላይ ቆም አሉ። «አሥራ አንድ ወር አይቼሃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አላስይዝበትም ነበር።»

የእድሩ ጉባኤ በተከታዩ እሁድ ተሰበሰበ። እንደዚያ ቀን የተከፋ ጉባኤ በድልድይ ማዶ ታይቶ አያውቅም። ጸሐፊው ደንቡን ዘርግቶ፣ አመልካቹ ምስክር ወረቀት እንዳላቀረበ፣ እንዲያውም በዚሁ ሳምንት በውርርድ ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱን አነበበ።

መምህርት ተዋበች ተነሡ። «ይግባ» አሉና ተቀመጡ።

«መምህር» አለ ጸሐፊው፣ «ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱን ባለፈው ዓመት ነው የጨመርከው። ‹ይግባ› የሚለው መስመር ከአባትህ በፊት ነበር። የትኛው ይቅደም?»

ከኋላ አንድ ሰው አጉረመረመ። «እሳቸው ምን አለባቸው! ሰፈሩን በሙሉ ዘርፈው…»

«የተዘረፈ ሰው የለም» አሉ መምህርት ተዋበች ሳይዞሩ። «ገምታችሁ ተሳሳታችሁ። ብሩ የድንኳን ሸራ ይገዛበታል። በድንኳኑ ጎን ላይ የእያንዳንዳችሁን ስም ዳምጠው በክር እንዲጽፍላችሁ ትፈልጋላችሁ? ያስያዛችሁት መጠን ከስር ይጻፋል።»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ልታቆመው ሞከረች፤ ባሰባት። «የኔን በትልቁ ይጻፍልኝ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ወይኔ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሻይ ስፈትነው፣ እሳቸው በአንድ ጥያቄ!» ከዚያ ሌላውም ሳቀ፤ ሁሉም አልነበረም፤ ለድምፅ ግን በቃ። እጅ አውጥተው «ይግባ» አሉ፤ ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን መጨረሻ ላይ አወጡ። በጉን ግን አልማሩም፤ «የገዛሁትን ምን ላድርገው» እያሉ ለድንኳኑ ተከላ አመጡት።

ዳምጠው ሸራውን በዘጠኝ ቀን ሰፋው። ጋሽ ወንድይፍራው በየቀኑ እየመጡ «ደረሰ?» ይላሉ፤ እሱም «ሁለት ጎን ቀርቷል፣ አንድ ጎን ቀርቷል፣ ገመድ ቀርቷል» ይላቸዋል። ሰው አሁን የሚጠቀመው በአየር በሚነፋ ድንኳን ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ዝናብም አይሰማበትም። መምህርት ተዋበች ሸራ ይሁን ብለው ነበር። የቀረው ሁሉ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሐምሌ 24 ሆነ። ሰሌዳው ላይ ቀን አሥራ አምስት፣ ሰባ ሁለት በመቶ ይላል። ማንም ብዙ አላስያዘም። ሰው ተጠንቅቋል።

የአቶ ሰይፈን ሰባተኛ ሙት ዓመት ዘግይተው በመምህርት ተዋበች ግቢ ዘከሩ። ዳምጠው ምሰሶውን ራሱ አቆመ፤ ካስማውን ራሱ መታ። አግዳሚዎቹን ከሌሎች ጋር ተሸከመ፤ ትከሻውን ያልፈለገ ሰው አልነበረም። አገልግሎቱ አልቆ ሰው ከተቀመጠ በኋላ ዝናቡ መጣ፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ሸራውን እንደ ከበሮ መታው። ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሥቶ የነበረ ሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ዝናቡን ሰሙ። ያስያዙትን ያጡ ሰዎች ፊት አሁንም ሙሉ ለሙሉ አልተፈታም። ሌላ የሚሠራ ነገር ግን አልነበረም።

«ሰይፈ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው በመጨረሻ፣ «ውሸታም ሰው ነበር።»

ሁሉም ዞሩ።

«እውነቴን ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ነው። በዚያ አውቶቡስ ነበር ከሥራ የምመለሰው። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርስ ይቆምና አልሄድ ይላል። ተሳፋሪው ይጮኻል። ሰይፈ እጁን አንሥቶ ‹እኔ መሪ አልነካም፤ መሣሪያው ነው የተበላሸው› ይለናል። ኋላ ላይ አንዲት ልጅ መጽሐፍ ተሸክማ ከግቢው እየሮጠች ትመጣለች። ትሳፈራለች። አውቶቡሱ ይሄዳል። በማግስቱም እንዲሁ። ለሦስት ወር ያ መሣሪያ በዚያው በር ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ይበላሽ ነበር። ከታች አንድ ነገር በእግሩ እየረገጠ መሆኑን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳቀ። መምህርት ተዋበች አልሳቁም። ሁለት እጆቻቸውን በሰማያዊው ኮት ኪስ ውስጥ ከትተዋል።

«እኔም አስተውዬው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «መሣሪያው የቆመበትን ደቂቃ በደብተር እመዘግብ ነበር። ብልሽቱ ሥርዓት ያለው ስለመሰለኝ በስሌት ልደርስበት ሞክሬያለሁ። አልደረስኩበትም።»

ትርንጎ ስለ አቶ ሰይፈ ሌላ ነገር ጀመረች፤ አንድ ሰውም «ተይ፣ እንደሱ አይደለም» ብሎ ከአፏ ነጠቃት። ዝናቡ በረታ። መምህርት ተዋበች ወደ ላይ ቀና ብለው ሸራውን፣ መገጣጠሚያውን፣ ከምሰሶው ጋር የተያያዘበትን ስፌት አንድ በአንድ አዩ። ዳምጠው ከአጠገባቸው ቆሟል።

«ያፈሳል?» አሉት።

ዳምጠውም ቀና ብሎ አየ። ጋሽ ወንድይፍራው ለመሳል ደረታቸውን ነፉ።

«እስካሁን አላፈሰሰም» አለ።